ሉማሜ ያመለጠችው በአይጧ ነው

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ አንዲት ወጣት ተመራማሪና አጠገቧ የተቀመጡ አዛውንት የድጓ መምህር ሲጫወቱ ሰማሁ።

«ምን አስፈነደቀሽ ልጄ?»

«የኔታ፣ የመርሳት በሽታ ያለባት አይጥ አንጎል ውስጥ የተጠራቀመውን ቆሻሻ በማግኔት መሣሪያ አየሁት!»

«ጭንቅላቷን ሳትከፍቺ?»

«ሳልከፍት! ቆሻሻው ብረት ስላለበት ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል።»

«ለሰውስ ይሆናል?»

«ገና ነው። ከተሳካ ግን በሽታው ሳይጠና ይደረስበታል።»

«አበጀሽ! እኔም ሰሞኑን የደቀ መዛሙርቴ ስም እየጠፋኝ ነው። ድጓው ግን አንድ ቃል አልጎደለብኝም።»

«ውይ የኔታ! ሉማሜን አለፍናት እኮ። መውረጃዎን ረሱት?»

«ምን እረሳለሁ! ወሬሽ እንዳይቋረጥ ብዬ ነው። በእግሬ እመለሳለሁ፤ ቀጥይ።»

እኔም የምወርደው ሉማሜ ነበር፤ ጆሮዬን ይበልጥ ወደ እነሱ አስጠጋሁ።