የአባ ሜትሮ ብጣሽና የብብት ንፍፊት

ሰፈራችን ደስ በሚልበት በዚያ ደግ ዘመን፣ እኔ በከሰል ካውያ ልብስ እተኩስ ነበር። የማወጣው የሱሪ መስመር ሽንኩርት ይከትፍ ነበር ብል ማጋነን አይደለም። ከጎኔ አባ ሜትሮ የምንላቸው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናቸውን ይረግጣሉ። ያ ድምፅ ዛሬም ዝናብ ሲጥል ይመጣብኛል።

አንድ ቀን ነርስ የሆነችው የእህታቸው ልጅ ዝናብ አባርሯት ገባች። ትንሿ የልጅ ልጃቸው ጨርቅ ክምር ላይ ተኝታለች።

«አጎቴ፣ የዚህች ልጅ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ዛሬ አይደል እንዴ?»

«አትሄድም!» አሉ ቀና ሳይሉ። «ባለፈው ክንዷን ወግታችሁ ብብቷ ሥር ንፍፊት ወጣባት። መርዙ እየተጓዘ ነው። ኩፍኝ እንደሆነ ለእኔም ወጥቶልኛል፤ ይኸው አለሁ!»

«እርስዎስ አሉ፤ ኩፍኝ የወሰዳት ታናሽ እህትዎስ?»

መኪናው ቆመ። እሷም ድምፅዋን አለሳለሰች።

«ለዚህ ሱፍ ክር ሲፈልጉ ሱፉን በሙሉ ተሸክመው ይዞራሉ?»

«ምን አሳበደኝ! ብጣሽ ቆርጬ ክር ሻጮቹ ጋ እወርዳለሁ። የሚገጥመው እስኪገኝ ከየክሩ ጋር አስተያያለሁ።»

«ሰውነታችንም እንዲሁ ነው። ክትባቱ የተዳከመ ተሐዋሲ ነው። ቆዳ ሥር እንደ ቃፊር የሚጠብቅ ሕዋስ ይውጠውና ይቆራርጠዋል። ብጣሹን፣ እኛ አንቲጂን የምንለውን፣ ላዩ ላይ ሰክቶ ብብት ወዳለው ዕጢ ይወርዳል። እዚያ ቲ ሴል የሚባሉ ወታደሮች አሉ፤ እያንዳንዱ የሚያውቀው አንድ ዓይነት ብጣሽ ነው። እየዞረ ያሳያቸዋል።»

«የሚገጥመው ሲገኝስ?»

«‹ጠላት ገብቷል፣ ተነስ!› ይለዋል። ይህን ካልሰማ ብጣሹን ቢያይም አይነሳም። ከተነሳ ግን ይባዛል፣ ዕጢውም ያብጣል። ንፍፊቱ እሱ ነው። ጥቂቶቹ ያንን ብጣሽ ሳይረሱ ለዓመታት ይቆያሉ፤ እውነተኛው ኩፍኝ ሲመጣ አይደናገሩም።»

እኔ፣ የሰፈሩ ሊቅ፣ ድሮም እንደማውቀው ሁሉ ራሴን ነቀነቅሁ።

«አንተ ደግሞ ምን ያስነቀንቅሃል?» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸው ሰለለ። «እህቴን ስንቀብራት እኮ ቀሚሷን ገና አልጨረስኩላትም ነበር።»

መቀሱን አኑረው ልጅቷን አቀፉ።

«ደንበኛ ቢመጣ ምን ልበል?» አልኳቸው ወደ ክትባቱ ሊሄዱ ሲወጡ።

«ራቁትህን ቆይ በለው!»

በተከታዩ ክረምት ኩፍኝ ሰፈሩን አዳረሰ። የተከተቡት ሲቦርቁ፣ ያልተከተቡት ዓይናቸው ቀልቶ ተኙ፤ ከእነሱም ያልተነሱ አሉ። አንባቢ ሆይ፣ የክትባትን ጥቅም ከእኔ በላይ የሚያስረዳ ሊቅ ባይኖርም፣ አባ ሜትሮ ይበልጡኛል። በየዓመቱ የልጅቷን ቀሚስ ጠርዝ እየፈቱ ሲያስረዝሙ፣ «ኧረ ይህች ልጅ ምን ነክቷት ነው እንዲህ የምትመዘዘው!» እያሉ ያማርራሉ፤ እያማረሩም ይስቃሉ።