ለሴት የሚወርድ ሙሾ

ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለቱ አይተዋወቁም። አንዷ መጽሐፍ የያዘች ተማሪ ናት፤ ሌላዋ ጥቁር የለበሱ እናት።

«ምን ሆነሽ ነው ፊትሽን እንዲህ የቋጠርሽው፣ ልጄ?»

«የአሜሪካኖች የድሮ ልብ ወለድ ነው፣ እማማ። ሴቶቹ እንዴት እንደተሣሉ ጻፉ ተብለን ነው።»

«ሰው ሞተበት?»

«ሴቲቱ ሞተች። የከፋኝ ግን ሞቷ አይደለም። ወንዶቹ ሁሉ ስለ እሷ ያወራሉ፤ አንዱ ውበቷን፣ አንዱ ቅናቱን። እሷ ምን እንዳሰበች የጻፈ የለም።»

«ሬሳዋ ላይስ?»

«እዚያም የሚያወሩት ስለ ራሳቸው ነው።»

እናቲቱ ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«እኔ አልቃሽ ነኝ። አሁንም ለቅሶ ነው የምሄደው። ወንድ ሲሞት ጠብመንጃውን፣ በሬውን፣ ደግነቱን እያነሣሁ ሙሾ አወርዳለሁ።»

«ሴት ስትሞትስ?»

«የእገሌ እናት፣ የእገሌ እህት እላለሁ። የባሏን ጀግንነት እጨምርበታለሁ።»

«የራሷንስ?»

«ማን አስተምሮኝ? እናቴም እንዲያ ነበር የምታለቅሰው።»

«ዛሬ የሞቱት ማን ናቸው?»

«አብሮ አደጌ። ስትስቅ ከገደሉ ማዶ የምትሰማ። አባቷ የመረጡላትን ባል ትታ የወደደችውን ያገባች።»

«ታዲያ ይህን ይበሉላት።»

«በለቅሶ ላይ? ወንድሞቿ ምን ይሉኛል?»

እናቲቱ ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ በዝግታ ግጥም ይሞክሩ ጀመር።

እኔ ዳባት እስክንደርስ በእናቴ ለቅሶ የተባለውን ላስታውስ ሞከርሁ፤ የመጣልኝ ግን የአባቴ ጠብመንጃ ብቻ ነበር።