ሁለት ቦታ የተላከው ጽሑፍ

ሊፍቱ ባይበላሽ ኖሮ ሁለቱ ሰዎች ያን ቀን ባልተገናኙ ነበር። ተማሪዎቻቸው «ነጎድጓድ» የሚሏቸው አዛውንቱ የሕፃናት ሐኪም እያለከለኩ ደረጃውን ሲወጡ፣ የአንድ የሕክምና ምርምር መጽሔት አዘጋጅ የሆነችው የቀድሞ ተማሪያቸው የወረቀት አቃፊ ይዛ ስትወርድ ፊት ለፊት ተያዩ። ደማቸውን ሲያፈላው የሰነበተው የእሷ ደብዳቤ ነበርና ሰላምታዋን እንኳ አላስጨረሷትም።

«አንቺ! ደንብ ጥሰዋል ብለሽ ለእኔ ትጽፊያለሽ? ለእኔ ለአስተማሪሽ?»

«እንደምን ዋሉ ፕሮፌሰር። አዎ፣ ጽፌያለሁ። ጽሑፍዎ እኛ ጋ እየተገመገመ ሳለ ለሌላ መጽሔት ልከውታል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ዓመት ሙሉ አስቀመጣችሁት! ደግሞስ እዚሁ ደረጃ ላይ ‘ተዪው፣ ሌላ ቦታ እወስደዋለሁ’ አላልኩሽም?»

«ብለውኛል። እየሳቁ ነበር፤ እኔም ቀልድ መስሎኝ ስቄ አለፍኩ።»

ለወዳጁ ደረጃ ላይ የጣላት ቃል እንደ ማመልከቻ የምትቆጠርለት የሚመስለው ምሁር ስንቱ ነው! ሐኪሙ ለበሽተኛ ያለ ፊርማ አንዲት ክኒን አያዙም፤ ለጽሑፋቸው ግን አንድ ሳቅ በቂ መስሏቸው ነበር።

«መዘግየቱ የእኛ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ» አለች። «ግን መውሰድ ሲፈልጉ በጽሑፍ ያሳውቁን፤ አብረውዎት የጻፉትም ይፈርሙ። ‘ጽሑፉን ለቀናል’ የሚል መልስ ሲደርስዎ የፈለጉበት ይላኩት። ደንቡ ይኼው ነው።»

«ጽሑፉ የኔ! ድካሙ የኔ! ማን ነው እናንተን ባለቤት ያደረጋችሁ?» ድምፃቸው ምድር ቤት ድረስ ተሰማ።

አሁን እሷም ገነፈለች። «ከደብዳቤው ጋር የላክሁትን የገምጋሚ አስተያየት አንብበውታል?»

«ቀድጄ ጣልኩት!»

«እንግዲያው አሁን ያንብቡት!» ከአቃፊዋ ወረቀት መዝዛ ዘረጋችላቸው። «ሠንጠረዡ ላይ የአሥርዮሽ ነጥቧ ቦታዋን ስታለች። ለሕፃን የሚሰጠው የመድኃኒት መጠን አሥር እጥፍ ሆኗል። እኛ ጋ ያለው ይታረማል፤ እዚያ ያለው ግን ነገ ይታተማል። ደውዬላቸው ነበር፤ ‘ባለቤቱ ካልጠየቀን አናቆምም’ አሉኝ። አንድ ጀማሪ ሐኪም ስምዎን አምኖ ያንን ቢያዝስ?»

መነጽራቸውን አደረጉ። አነበቡ። ደግመው አነበቡና ደረጃው ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

«ወይ እኔ!» አሉ። ቁጣቸው አልበረደም፤ ዞሮ ራሳቸው ላይ ወደቀ። «እኔ ደደብ! በኩርፊያ ልጅ ልገድል ነበር!»

ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ።

«ሃሎ! ያ ጽሑፍ እንዳይታተም! ስህተት አለበት... አዎ፣ ሌላ መጽሔት እጅ እያለ ነው የላክሁላችሁ። ነውር ነው፣ ሠርቼዋለሁ። ሁላችንም የፈረምንበት ማመልከቻ ዛሬውኑ ይደርሳችኋል። መልሳችሁንም በጽሑፍ ላኩልኝ! የአፍ ነገር አልቀበልም!»

ጽሑፍ በአንድ ጊዜ አንድ መጽሔት ጋ ብቻ ሲቀመጥ እርማቱ ያገኘዋል። የሁለት መጽሔት ገምጋሚዎች ለአንድ ሥራ በከንቱ አይለፉም፤ አንዱ ጥናትም ሁለት ቦታ ታትሞ እንደ ሁለት ማስረጃ አይቆጠርም። ነጎድጓድ ይህን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለተማሪዎቻቸው እየጮኹ ያስተምራሉ።

ያን ዕለት ግን ከደረጃው ሲነሱ ጣታቸውን ቀሰሩባት።

«አንቺም ዓመት ሙሉ ያስቀመጣችሁበትን ምክንያት በጽሑፍ ታሳውቂኛለሽ። ፈርመሽ!»

«እሺ ፕሮፌሰር» አለችና ልትጽፍ ደረጃውን ወደ ቢሮዋ ተመልሳ ወጣች።