በስሜ ለልጄ የጻፈው ሰው

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

ይህን ሽኝት ላዘጋጃችሁልኝ ሁሉ አላህ ይስጥልኝ። ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ፣ ሥራ አስኪያጃችን፣ የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ምንም ሳይጠይቁ ተቀብለው አዳራሹን ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። ከጅማ ድረስ የመጣውን የአክስቴን ልጅ ናስረዲንንም ከፊት፣ ከኑዕማን ጎን ስላስቀመጣችሁልኝ ክብረት ይስጥልኝ። የኮምፒውተር ባለሙያችን ኑዕማንም በገዛ ስልኩ ሊቀርጸኝ እሺ ብሎኛል። ካሜራው ሠራ? ጎሽ! እስክጨርስ እንዳታጠፋው።

የእኛን የቡና ቀማሾችን ኑሮ ታውቁታላችሁ። ያንን የመሰለ የሚዛንና የቴፒ ቡና ፉት እንልና መልሰን እንተፋዋለን። ባሌ ነፍሱን ይማረውና «የምትተፊውን ለእኔ ብታመጪልኝ ምናለ?» ይለኝ ነበር። ከመካከላችን ቡና የማይቀምስ ኑዕማን ብቻ ነው። ጨጓራዬን ያመኛል ይላል። በቡና አገር ተቀምጦ ሻይ! ቅምሻ ክፍላችን እንኳ ገብቶ አያውቅም።

እስቲ ሳቁ። ከዚህ በኋላ የምናገረው አያስቅም።

«ዘይቱ፣ እንጀራሽን ጥለሽ ለምን ትሄጃለሽ?» ብላችሁኛል። ሌላ ዘይቱ ስላለች ነዋ! ፎቶዬን ለጥፋ፣ በስሜ የምትጽፍ። መጀመሪያ የነገረችኝ ሸዋነሽ ናት። «አንቺ፣ ትናንት በቴሌግራም የላክሽልኝ ቀልድ ገደለኝ!» አለችኝ። እኔ ምንም አልላክሁም። ስታሳየኝ አቀላለዱም አነጋገሩም የእኔው ነው። የእኔን መልእክቶች ቁጭ ብሎ ያጠና ሰው አለ ማለት ነው።

በቀልድ ቢያበቃ ደግ ነበር። ያች ዘይቱ ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ለምትማረው ልጄ ለአፍናን ጻፈችላት። «ልጄ፣ ስልኬ ተበላሽቶ በዚህኛው ነው የምጽፍልሽ። እኔ የምወደውን ሽቶ በሰው ልኬልሻለሁ። ሲመሻሽ በር ላይ ወጥተሽ ተቀበዪው።»

ልጄ ወጣች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆም አለችና ደወለችልኝ።

«እማ፣ አንቺ ሽቶ ትወጃለሽ እንዴ?»

«የምን ሽቶ?»

«በይ ተመልሻለሁ» አለችኝ።

የቀማሽ ልጅ ናት። ሽታ ምላስ ያበላሻል ብለን ሽቶ አንቀባም፤ እኔማ ቤቴም አላስገባም። በር ላይ የቆመውን ሰው ግን ማንም አላየውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ደህና እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

ሁላችሁንም ጠረጠርኩ፣ ምን እደብቃለሁ? ሸዋነሽ እንኳ ቁርስሽን ስታካፍይኝ ዓይን ዓይንሽን ነበር የማየው። ኋላ ግን ሽቶው ራሱ ነፃ አወጣችሁ። ቅምሻ ክፍል የገባ ሰው «የምወደው ሽቶ» ብሎ በእኔ ስም አይጽፍም። ታዲያ ስልኬን እንደ እጁ የሚያውቅ፣ የክፍላችንን ደንብ ግን የማያውቅ ማን ነው? ስልኬ ውሃ ውስጥ በወደቀ ጊዜ ጠግኖ የመለሰልኝ፣ አፍናንን ቢሮ አይቷት ስልክ ቁጥሯን ጠይቆ እንቢ የተባለ አንድ ሰው ትዝ አለኝ።

ጥርጣሬ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ለእናንተ ጅማ ልገባ ነው አልኳችሁ። ለእሱ ብቻ «ጌጫ ከተማ ቤት ልከራይ ነው፣ ልጄንም እወስዳታለሁ፣ ለማንም እንዳትናገር» አልኩት። ዛሬ ጠዋት ለአፍናን ምን ተጻፈላት? «ልጄ፣ የጌጫው ቤት ተገኝቷል። መኪና ልኬልሻለሁ፤ ከሹፌሩ ጋር ነይ።»

አይዟችሁ፣ አልሄደችም። እናቴ ጋ ናት። ቁጭ በሉ፣ ማንም እንዳይነሳ!

ኑዕማን፣ ስልኩን ምነው ዝቅ አደረግኸው? ምስሉ ይበላሽብኛል። ምን አልክ? ባትሪው አለቀ? ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ታገሠኝ።

ልመርቃችሁ፣ እጃችሁን ዘርጉ። አንተ አትዘርጋ ኑዕማን፣ ስልኩን ያዝ።

አላህ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ። ስማችሁን ከሌባ፣ ደጃችሁን ከሚያደባ ይጠብቅላችሁ። እናት «ነይ» ስትል ልጅ ሳትፈራ የምትመጣበትን ቀን ያምጣልን። የነገ ሕይወታችሁን ያማረ ያድርግላችሁ። አሚን በሉ!

ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ፣ ያን ደብዳቤ ይቅደዱልኝ። ሸዋነሽ፣ ሰኞ ስኒዬን አዘጋጂልኝ፤ እኔ የትም አልሄድም። የምንሸኘው ሌላ ሰው ነው።

ናስረዲን ደግሞ የአክስቴ ልጅ አይደለም፣ ፖሊስ ነው። ወንድሜ፣ ሌላዋ ዘይቱ ያለችበትን ስልክ ሳይቆለፍ ከእጁ ተቀበልልኝ።