የአሳማዋ ቀኝ

ክብርት ዶክተር አዚዛ፣ የማዕከላችን ኃላፊ፤ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤ እናንተም ከኋላ ተቀምጣችሁ ክትፎው መቼ ነው የሚቀርበው የምትሉ፤

ስለ ጋቢው እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ግድግዳ ሰዓቱም እንዲሁ። ግን ጡረታ ለሚወጣ ሰው ሰዓት መስጠት ምን ማለት ነው? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስታረፍድ ኖረሃል ለማለት ከሆነ ገብቶኛል።

ማህሌት ከሰው ኃይል ጠዋት ይዛኝ ነበር። «ጋሽ ጣሰው፣ እባክዎ ንግግርዎ ደም ደም አይሽተት፣ ሰው ሊበላ ነው» አለችኝ። ማህሌት ልጄ፣ ይቅርታሽን። የኔ ሥራ ያለ ደም አይወራም።

ስሜም አያግዘኝም። አባቴ ጣሰው ያለኝ በድንበር የተጣላውን ጎረቤቱን እያሰበ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ የኔን ያወጣው መልአክ ተናዶ ነበር መሰለኝ።

በዚህ ቤት ምን ስሠራ ኖርኩ? አሳማ ሳሳድግ። በአፌ ግን ቀምሻት አላውቅም። ዶክተር አዚዛም ከስልጤ መጥታ፣ ዶክትሬቷን በአሳማ ሠርታ፣ ቀምሳት አታውቅም። ገላን ኮንዶሚኒየም ያሉ ጎረቤቶቼ «የት ነው የምትሠራው?» ሲሉኝ «ከእንስሳት ጋር» እላለሁ። «ምን ዓይነት እንስሳ?» «የውጭ ዝርያ።» ባለቤቴ አለሚቱ እስከ ዛሬ ልብሴን በረንዳ ላይ ሳታስወልቀኝ ቤት አስገብታኝ አታውቅም።

ለእንግዶቻችን ሥራዬን ልንገራችሁ። ግልገል ስትወለድ ጆሮዋን በመቁረጫ እሸነቁራለሁ፤ የሽንቁሩ ብዛት ቁጥሯ ነው። በቀኝ ጆሮዋ የቤተሰቧ ቁጥር፣ በግራ ጆሮዋ የራሷ ተራ ቁጥር። የተቆረጠችዋ ቁራጭ ወደ ዶክተር አዚዛ ላብራቶሪ ትሄድና ዘሯ ይነበባል። እኔ በጆሮ አነባለሁ፣ እሷ በደም ታነባለች።

ሻምበል የምንለውን ወንዱን አሳማ የምታስታውሱት ጥቂት ናችሁ። ሁለት መቶ ሰማንያ ኪሎ ነበር። አንድ ቀን ፊት ለፊቱ ቆሜ መኖ ሳፈስ በክራንቻው ከጉልበቴ እስከ ብሽሽቴ ቀደደኝ። አጥንቴን በዓይኔ አየሁት። ነጭ ነው። እኔም ዝም አላልኩም፤ ወድቄ እንኳ አፍንጫው ደም እስኪተፋ በአካፋ ቀጠቀጥኩት። በመጨረሻ ሁለታችንንም በቃሬዛ ነው ያወጡን። አርባ አንድ ቦታ ተሰፋሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ከአንዲት ቀን በቀር፣ አሳማ ፊት ቆሜ አላውቅም። ፈራሁ፣ ምን አለበት? ጆሮ ስቆርጥም፣ ጆሮ ሳነብም ከኋላ ሆኜ ነው። ከኋላ ስትቆሙ የእሷ ቀኝና የናንተ ቀኝ አንድ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

እንግዲህ ስምንት ቤተሰብ አሳማ ነበረን፣ በጠቅላላው ስልሳ አንድ። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ጆሮ ትልቅ፤ ባያችኋቸው አትለዩዋቸውም። አንድ ቀን ዶክተር አዚዛ ላብራቶሪዋ ጠርታ «ጋሽ ጣሰው፣ ሰባቱ ቤተሰቦች በደማቸው አንድ ናቸው። ወንድምና እህት ሲጋቡ የኖሩ በሏቸው። አንድ በሽታ ቢገባ አብረው ይረግፋሉ። ሦስተኛው ቤተሰብ ግን ሌላ ነው፤ ሌሎቹ የጣሉትን ይዞ ቆይቷል» አለችኝ።

«ምኑን ነው የያዘው?»

«ብዙውን። ዱሩንም ጭምር።»

ሰው አሳማን መግራት ከጀመረ ወደ ዘጠኝ ሺህ ዓመት ይሆነዋል አለችኝ። ግን ሰው ሲገራ፣ ሴቶቹ ደግሞ ጫካ እየገቡ ከዱር አሳማ እያረገዙ ይመለሱ ነበር። ስለዚህ ዱሩ ከደማቸው ጨርሶ አልወጣም። «ታዲያ ዘጠኝ ሺህ ዓመት ሙሉ ምን ስንሠራ ከረምን?» ብላት ሳቀች።

ከዚያ የዛሬ ሦስት ዓመት ሐምሌ መጣ። መኖ አልቆ አሳማዎቹ አንዷ የሌላዋን ጭራ መብላት ጀምረው ነበር። ከላይ ደብዳቤ ተጻፈልን፤ ስምንት ይቅሩ፣ ሃምሳ ሦስቱ ይወገዱ። መድኃኒት የተሞከረባቸው ስለሆኑ ለማንም አይሸጡም። «ይወገዱ» ቢሮ ውስጥ ቀላል ቃል ናት። የጻፋት ሰው እጁ ላይ እስክሪብቶ እንጂ መዶሻ አልነበረም።

ማደንዘዣ ሽጉጥ ላኩልን። ጥይቱን ረሱት። ስለዚህ መዶሻው ለኔ ደረሰ።

የትኞቹ ይቅሩ? ዶክተር አዚዛ ከተማ ስብሰባ ላይ ስለነበረች ለመዝጋቢያችን ለያደታ ደወለችለት። ያደታ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ጮኸልኝ፤ «ጋሼ! ቀኝ ጆሮዋ ላይ ሦስት ያለባትን ያሳልፏት! ሌላውን...» ሌላውን አልጨረሰውም። ልጁ ሆዱ ይራራል።

በጠባቧ መተላለፊያ አንድ በአንድ ወደ እኔ ነዷቸው። መዶሻ የያዘ ሰው ከኋላ መቆም አይችልም። ግንባሯን ማግኘት አለበት። የመጀመሪያዋ አንዴ ጮኸች። ሁለተኛዋ የመጀመሪያዋን ደም አሽትታ ልትመለስ ስትል ጣውላውን ሰበረች። አራተኛዋን ስቻት ግንባሯን ሳይሆን ዓይኗን አገኘሁት፤ በአንድ ዓይኗ እያየችኝ ነው ሁለተኛውን የጨመርኩላት። አሳማ ሞቷን ታውቃለች፣ የምትጮኸውም እንደ ሰው ነው። አቃቂ በሰቃ ድረስ ተሰምቶ ሰው እየታረደ ነው ብለው ፖሊስ የጠሩ አሉ። ከሃያ በኋላ ደሙ ቦቲዬ ውስጥ ገባ። ከሠላሳ በኋላ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ መምታቱ ደስ ይለኝ ጀመር። ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም።

እየመታሁም ጆሮ እያየሁ ነበር። በቀኜ በኩል ሦስት ያለባትን አሳለፍኩ። ስንጨርስ ያለፉትን ቆጠርን፤ ስምንት። ሦስተኛው ቤተሰብም ስምንት ነበር። ልክ ነው ብለን ታጠብን።

በማግሥቱ ዶክተር አዚዛ በረቱን ከፍታ አየችና «እነዚህ የማን ናቸው?» አለች። ከየቤተሰቡ አንዳንድ! ስምንቱም ሦስቱን የያዙት በግራ ጆሯቸው ነው። የየቤቱን ሦስተኛ ልጅ ነበር ያተረፍኩት። ከሦስተኛው ቤተሰብ የቀረችው በሁለቱም ጆሮዋ ሦስት ያላት አንዲት ናት። ሰባቱ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው። ዶክተር አዚዛ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብላ አለቀሰች።

እኔ ግን የተባልኩትን ጆሮ ማየቴን በማርያም እምላለሁ! ስለዚህ ያሳሳተኝ ያደታ ነው።

«ግራ ነው ያልከኝ!»

«ቀኝ ነው ያልኩት ጋሼ።»

«ውሸታም!»

በጥፊ መታሁት። መነጽሩ በረረ፣ ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ልደግመው ስል እጁን እንኳ አላነሣም። እናንተም ቆማችሁ አያችሁኝ። ማን ያዘኝ? ማንም!

ትእዛዙ በስልክ ስለነበር ወረቀት የለም። ኮሚቴው የሃያ ስምንት ዓመት ሠራተኛን አምኖ የሦስት ዓመቱን ጣለው። ማስጠንቀቂያ ማህደሩ ውስጥ ገባ። ለትምህርት ሊሄድ የነበረበት ዕድል ለሌላ ተሰጠ። እሱን መኖ መጋዘን ወረወሩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ጆንያ ሲቆጥር በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር «እንደምን አደሩ ጋሼ» ይለኛል። ቢሰድበኝ በተሻለኝ።

ባለፈው ወር ሳሪስ አቦ ሀይረዲን ጋ ጸጉሬን ልቆረጥ ገባሁ። ፊት ለፊቴ ቆሞ በምላጭ እያስተካከለኝ «ወደ ቀኝ ዘንበል ይበሉ» አለኝ። ዘንበል አልኩ። «ኧረ ጋሽ ጣሰው፣ በኔ ቀኝ! ፊት ለፊት እኮ ነን፣ የርስዎ ቀኝ ለኔ ግራ ነው» አለኝ።

ምላጩ አንገቴ ላይ ነበር። ያን ሰዓት ቢያርደኝ አይሰማኝም። ግማሽ ጸጉሬን ተቆርጬ ከነፎጣው ወጣሁ፤ ሀይረዲን «ሰውዬው አበደ» ብሎ ተከተለኝ።

ገባችሁ? ከሻምበል ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳማ ፊት የቆምኩት ያን ቀን ነው። በኔ ቀኝ የነበረው የእሷ ግራ ነበር። ያደታ ቀኝ አለ። ልክ ነበር። ሰባቱን የገደልኳቸው እኔ ነኝ። የልጁንም ስም የገደልኩት እኔው ነኝ።

ካወቅክ ወር ሆኖህ ለምን ዝም አልክ? ትሉኛላችሁ። ፈራሁ። ከሻምበል በላይ ፈራሁ። ዛሬ ጠዋት ግን ይህንኑ ጽፌ ፈርሜያለሁ። ማህሌት፣ የመሰናበቻ ቅጽ መስሎሽ መሳቢያ ውስጥ ያስገባሽው ፖስታ እሱ ነው። አውጪውና ለዶክተር አዚዛ ስጫት። የያደታ ማህደር ይጽዳ፣ የተነጠቀው የትምህርት ዕድል ይመለስለት። ዶክተር፣ ዱሩ አልወጣላቸውም ብለሽኝ ነበር። አሳማዎቹስ ደህና ተገርተዋል። ያልተገራሁት እኔ ነኝ።

ያቺ ሦስት በሦስት አምና ዘጠኝ ወልዳለች። ከእንግዲህ ጆሯቸውን የሚያነበው ያደታ ይሁን፤ ይህን ጥያቄዬን ከጋቢው ጋር እንደ ስጦታ ቁጠሩልኝ።

አሁን ልመርቃችሁ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሜን በሉ። በረታችሁን በሽታ አይርገጠው። የእጃችሁን ሥራ ይባርክላችሁ፣ እጃችሁንም ከቁጣችሁ ይጠብቅላችሁ። እጃችሁን ስታነሡ «የማን ቀኝ?» ብሎ የሚይዛችሁ ሰው አይጥፋ። ልጆቻችሁ በሰው ጥፋት አይጠየቁ። ያረጀ ሠራተኛ ስላረጀ ብቻ አይታመን።

ጋቢውን ከትከሻዬ አንሡልኝ። ያቺን ከጠረጴዛው ሥር ያስቀመጥኳትን ድንጋይ አቀብሉኝ። የመተላለፊያው በር የሚገታባት ናት፤ ደሙ አሁንም አልለቀቃትም። ባገሬ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው።

ያደታ፣ አትነሣ፣ እዚያው ሁን። እኔ እመጣለሁ። የመታሁህ በቀኝ እጄ ነው። ያረፈብህ ግን በግራ ጉንጭህ ላይ ነበር። ፊት ለፊት ቆሞ የመታ ሰው ያኔውኑ ሊገባው በተገባ ነበር። አልገባኝም።

«ያውርዱት» ካልከኝ አወርደዋለሁ። ካላልከኝም ጡረተኛ ነኝ፣ ሰዓትም ሰጥተውኛል። ቆሜ እጠብቅሃለሁ።