በብርድ ቀን የተከፈተ ኤሲ

ትምህርት ያለው ክፍል ውስጥ ብቻ ለሚመስለው እንደ እኔ ላለ አስተማሪ፣ በአንድ ዝናባማ ጠዋት ታክሲ ጋቢና ውስጥ የሰማሁት ክርክር ጥሩ ተግሣጽ ሆኖኛል።

ሾፌሩን ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ቀስ በቀስ» ይላቸዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲነዱ የሰው ጥፍር አልነኩም። ችኩል ተሳፋሪ ሲነጫነጭ፣ «እንቁላልም በእግሩ የሚሄደው ቀስ በቀስ ነው» ብለው አፉን ያስይዙታል። ያን ዕለት ግን ግንባራቸው መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። በአንድ እጃቸው መሪ፣ በአንድ እጃቸው ጨርቅ ይዘው የፊቱን መስታወት ይወለውላሉ፤ ጉሙ ተመልሶ ይይዘዋል።

«መምህር፣ ለእርስዎ ልንገርዎት» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቅዳሜ ቁልፉን ለወንድሜ ልጅ አስረክባለሁ። ዓይኔ ከድቶኛል።»

«ሐኪም አይቶልዎታል?»

«ምን ብዬ ልሂድ? ትናንት ጠዋት አንዲት እናት ከነልጇ ስታቋርጥ እኔ አላየኋትም። ተሳፋሪ ሲጮህ ነው ፍሬን የያዝኩት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።»

በጣም አዘንኩላቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ልላቸው ስል፣ ፌርማታው ላይ ሰማያዊ ቱታ የለበሰች ወጣት ከአጠገቤ ገባች። ውኃ ከፀጉሯ ይንጠባጠባል። ከቴክኒክ ኮሌጅ ተመርቃ ጋራዥ የምትሠራ መካኒክ መሆኗን ያወቅሁት በኋላ ነው። ሁላችንንም ሰላም አለችና ዳሽቦርዱ ላይ የተለጠፈውን ጥቁር ፕላስተር አየች።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ ምን ሆኖ ነው የታሸገው?»

«የኤሲው ቁልፍ ነው ልጄ። ብርዱ ሲገባ አሽገዋለሁ፣ ሙቀቱ ሲመጣ እፈታዋለሁ። ተሳፋሪ እየነካካ ነዳጄን እንዳይጨርሰው።»

«መስታወቱ ጉም ሲይዝብዎትስ?»

«ጉሙ የዓይኔ ነው። ደግሞ በዚህ ብርድ ኤሲ ልክፈትልሽ? ለተንቀጠቀጠ ሰው በረዶ ማቃመስ እኮ ነው።»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። ልጅቷም ከልቧ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ሽማግሌውን የሚያሳንስ አልነበረም። ብዙ የተማረ ሰው አውቃለሁ፤ እንዲህ መሳቅ የሚችል ግን ጥቂት ነው።

«በቀትርስ ሲነዱ ያያሉ?»

«በቀትርማ የሩቅ ታርጋ አነባለሁ።»

«እንግዲያው ዓይን ጠዋት ከድቶ ቀን አይታረቅም፣ አባባ። ችግሩ የጀመረዎት መቼ ነው?»

ጥቂት አሰቡ። «ድሮ መስኮቴን ከፍቼ ነበር የምነዳው። ዘንድሮ ተሳፋሪው በረደን ሲለኝ ዘጋሁት። አዎ፣ ከዚያ ወዲህ ነው።»

«አሥራ አራት ሰው እርጥብ ልብስ ለብሶ በዝግ መኪና ይተነፍሳል። ትንፋሹ ቀዝቃዛ መስታወት ሲነካ ውኃ ይሆናል። በሙቀት ጊዜ ኤሲ ሲከፍቱ ከመኪናው ሥር ውኃ ጠብ ጠብ ሲል አይተው ያውቃሉ?»

«እንዴት አላይ! መጀመሪያ የገዛሁት ጊዜ አፈሰሰ ብዬ ጋራዥ ወስጄው መሣቂያ ሆኛለሁ።»

«እሱ ውኃ ከአየሩ የወጣ ነው። ኤሲ ማቀዝቀዝ ብቻ አይደለም ሥራው፤ አየሩን ያደርቃል። ማሞቂያውን አብረው ከከፈቱት የደረቀው አየር ሞቆ ይመጣል።»

«አንዱ እያበረደ አንዱ እያሞቀ? ይሄማ በአንድ እጅ እያለበሱ በሌላው መግፈፍ ነው።»

«ልብስ ሲታጠብ መጀመሪያ ይጨመቃል፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል አይደል? ኤሲው ይጨምቃል፣ ማሞቂያው ያሰጣል።»

ጋሽ ቀስ በቀስ ፕላስተሩን ሰረቅ አድርገው አዩት። «ነዳጁስ?» አሉ በመጨረሻ።

«ጥቂት ይበላል፤ አልዋሽዎትም። መስታወቱ ሲጠራ ያጥፉት።»

መኪናውን ዳር አስያዙና ፕላስተሩን በጥፍራቸው ላጡት። እሷ እየነገረቻቸው አየሩን ወደ መስታወቱ መለሱ፣ የውስጡን አየር መልሶ የሚያዞረውን ቁልፍ አጥፍተው ከውጭ እንዲገባ አደረጉ፣ ማሞቂያውንና ኤሲውን አብረው ከፈቱ። ጉሙ ከታች ወደ ላይ መሸሽ ጀመረ፤ ሦስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ መንገዱ ከነዝናቡ ወለል ብሎ ታየ።

ሽማግሌው ከመንገዱ ማዶ ያለውን የፋርማሲ ሰሌዳ፣ ከነስልክ ቁጥሩ፣ አንድ በአንድ ጮክ ብለው አነበቡ። ጨርሰውም እንደገና አነበቡት። በእጃቸው ያለው ወርቅ በፕላስተር ተሸፍኖ ከመዳብ ሲቆጠር እንደኖረ የገባኝ ያኔ ነው።

ጉዟችንን ስንቀጥል ልጅቷ ምክሯን ጨመረች። «ኤሲውን በብርድ ወራትም በሳምንት አንዴ አሥር ደቂቃ ያሠሩት። ካልሠራ ዘይቱ አይዞርም፣ ማሸጊያ ጎማው ይደርቃል፣ ጋዙ ይሾልካል። ብርዱ ውኃ የሚያረጋ ከሆነ ደግሞ ኤሲው ራሱ ሥራ ያቆማል፤ ተበላሸ ብለው አይደንግጡ፣ ማሞቂያውና የውጭው አየር ይበቃሉ። ያም ሆኖ ዓይንዎን ሐኪም ይይልዎት።»

«እሺ ልጄ» አሉ። ይህን «እሺ» ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ከፊት ለፊት አንዲት እናት ልጇን አዝላ ልታቋርጥ ወጣች። እኔ ገና ሳላያት ጋሽ ቀስ በቀስ ቆመው በእጃቸው እለፊ ይሏታል። ካለፈችም በኋላ ትንሽ ቆመው ቆዩ። መካኒኳ ስትወርድ ጨርቁን ዘረጉላት፤ «ለእጅሽ ማበሻ ይሁንሽ፤ እኔ ከዛሬ ጀምሮ አልፈልገውም።»

አንባቢዬ፣ ኤሲ የሙቀት ቀን ቅንጦት ብቻ ነው ብለህ ከሆነ ተሳስተሃል፤ በብርድም ቀን መንገድ ያሳያል። ሽማግሌው ሐኪም ዘንድ ሄደው ዓይናቸው ከዕድሜያቸው በላይ ጤነኛ መሆኑ ተነገራቸው። ቅዳሜ ጠዋት ስሳፈር ኤሲውም ማሞቂያውም ተከፍቷል። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ «አጎቴ፣ በዚህ ብርድ ኤሲ?» አላቸው።

«ልብስ ሲታጠብ መጀመሪያ ይጨመቃል» ብለው ጀመሩለት፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ዕውቀታቸው ይመስል። እስኪጨርሱ ሰፈሩ ደረሰ። ጎረምሳው ለካ የወንድማቸው ልጅ ነው፤ ቁልፍ ሊረከብ መጥቶ፣ ተሳፋሪ ሆኖ ወረደ።