የፍቺ መዝገቤ ቁጥር

የፍቺ ውሳኔዬን ግልባጭ ልወስድ ከሸጎሌ ታክሲ ይዤ ፍርድ ቤት ሄድኩላችሁ። «እንደገና ላገባ ስል አምጣ ተባልኩ» አልኳት የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ። «የመዝገብ ቁጥር?» አለችኝ። አላስታውስም። «የተፋቱበት ዓመትስ?» እሱም ጠፋኝ። ሲጨንቀኝ ወጣ ብዬ ለቀድሞ ባለቤቴ ደወልኩላት። «ያ የፍቺው መዝገብ...» ከማለቴ ቁጥሩን በቃሏ ነገረችኝና ስልኩን ዘጋችው።

ሠራተኛዋ መዝገቡን አወጣችው። የመጀመሪያውን ገጽ አነበበች፤ ቀና ብላ አየችኝ፤ ደግማ አነበበች። የሚስቴ አቤቱታ ነው። «ባለቤቴ ምንም ነገር አያስታውስም» ይላል። ቀጥሎ እኔ ፈርሜ የሰጠሁት መልስ አለ፦ «ፍጹም ሐሰት ነው።»

«የአቤቱታውንም ኮፒ ላያይዝልዎ?» አለችኝ ሠራተኛዋ። «ለአዲሷ ይጠቅማታል።»

«ውሳኔው ይበቃኛል» አልኳት።